የናፍጣ ሞተር ምርመራና የነዳጅ ቁጠባ

የናፍጣ ሞተር ምርመራ ወይም ዲያግኖስቲክስ የሞተሩ ኮምፒዩተር ከሴንሰሮች የሚሰበስበውን መረጃ በማንበብ ሞተሩ ያለበትን ሁኔታ የማወቅ ዘዴ ነው። ብዙ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ያላቸው ድርጅቶች ዘዴውን ብልሽት ለማግኘት ብቻ ሳይሆን የነዳጅ ወጪን ለመቀነስም ይጠቀሙበታል።

አመጣጥ

በቀደሙት የናፍጣ ሞተሮች የነዳጁን መጠን የሚወስነው ሜካኒካዊ ፖምፓ ስለነበር፣ መካኒኩ ብልሽትን የሚለየው በጭሱ ቀለም፣ በሞተሩ ድምፅና በልምድ ነበር። በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩ ሞተሮች ከመጡ በኋላ ኮምፒዩተሩ ራሱ መረጃ መመዝገብ ጀመረ። የተሽከርካሪ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ካን የተባለ የመረጃ መስመር የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 አስተዋወቀ። ከባድ ተሽከርካሪዎች በዚሁ መስመር ላይ የተመሠረተውን ጄ1939 የተባለ ደረጃ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ታላላቅ የአውሮፓ የጭነት መኪና አምራቾች እንደ ነዳጅ ፍጆታ ያሉ መረጃዎች በአንድ ወጥ መንገድ እንዲነበቡ የሚያስችል ኤፍኤምኤስ የተባለ የጋራ ደረጃ አወጡ።

የብልሽት ኮድ

በጄ1939 ኮዱ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉት። አንዱ የትኛው የሞተር ክፍል ወይም ልኬት እንደሆነ፣ ሌላው የችግሩን ዓይነት ያመለክታል። ለምሳሌ 110 የሞተር ማቀዝቀዣ ሙቀትን ይወክላል። ከ0 ጋር ሲመጣ ሙቀቱ ከልክ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ከ3 ጋር ሲመጣ ግን የሴንሰሩ ቮልቴጅ ከሚገባው በላይ ነው ማለት ስለሆነ፣ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የሴንሰሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮድ ፍተሻው ከየት እንደሚጀመር ይጠቁማል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሚቀየር አይወስንም።

መብራት የማያበሩ ብክነቶች

ነዳጅ የሚያባክኑ ብዙ ችግሮች የማስጠንቀቂያ መብራት ሳያበሩ ለረጅም ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ። ከእነዚህም መካከል፦

• ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል።
• ከቱርቦ የሚወጣው ቱቦ አየር ካፈሰሰ ወይም የአየር ማጣሪያው ከቆሸሸ ለቃጠሎው በቂ አየር አይደርስም።
• የጥላሸት ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ከሞላ የተከማቸውን ለማቃጠል ተጨማሪ ነዳጅ ይወጣል።
• ከባድ የጭነት መኪና ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይፈጃል።

የመረጃው ውስንነት

ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው የነዳጅ ፍጆታ በአብዛኛው በቀጥታ የተለካ ሳይሆን፣ ኢንጀክተሩ ከሚከፈትበት ጊዜና ከነዳጁ ግፊት የተሰላ ነው። ያረጀ ኢንጀክተር ከታዘዘው በላይ ቢረጭ ኮምፒዩተሩ ላያውቀው ይችላል። በዚህ ምክንያት ንባቡ ከማደያ ደረሰኝ ጋር ይመሳከራል። የተቀዳው ከተነበበው ከበለጠ ምክንያቱ ስርቆት ብቻ አይደለም፤ የቱቦ ፍሳሽ ወይም ያረጀ ኢንጀክተርም ተመሳሳይ ልዩነት ያመጣል። ሾፌሩ ከመጠርጠሩ በፊት እነዚህ መፈተሽ ይኖርባቸዋል።

ጭነትና ከፍታ

ንጽጽሩ የሚታመነው አንድ መኪና በተመሳሳይ መንገድና ጭነት ከራሱ የቀድሞ ፍጆታ ጋር ሲመዘን ነው። ለምሳሌ ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለሆነም የመውጫውን ፍጆታ ባዶ ሆኖ ከሚወርድበት ጉዞ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ጥቅሙ በስሌት

በዓመት 80,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝና በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር የሚፈጅ መኪና 28,000 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል። ፍጆታው በ3 በመቶ ቢቀንስ 840 ሊትር ይተርፋል፤ እንዲህ ያሉ 20 መኪኖች ቢኖሩ 16,800 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ወደ አየር የሚለቀቀው ጋዝም በ45 ቶን ገደማ ይቀንሳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን መረጃው ከተነበበ በኋላ ብልሽቱ ሲጠገንና ፍጆታው እንደገና ሲለካ ነው።