ካርቡራቶርና የጨንቻ ዳገት

በየዓመቱ በዚህች መጽሔት ስለ መዋጮአችንና ስለ ተለዩን ወገኖቻችን እንጽፋለን። ዘንድሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቀብር ስላደረሱን፣ አንዳንዴም ስላላደረሱን የድሮ መኪኖች ጥቂት ልበል።

የመኪና ታሪክ በአገራችን የሚጀምረው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ያም መኪና ሆነ በኋላ እኛ ያወቅናቸው የቤንዚን ላንድሮቨሮችና ቮልስዋገኖች የሚሠሩት በካርቡራቶር ነበር።

የካርቡራቶር ሥራ እንደሚወራው ምሥጢር አይደለም። ሞተሩ የሚስበው አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምርና ቤንዚኑን ከቀጭን ቀዳዳ እየመጠጠ እንደ ጉም ይበትነዋል። ይህን ዓይነቱን የሚረጭ ካርቡራቶር ማይባኽ የሚባል ጀርመናዊ የሠራው በ1885 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዋናው ነገር ልኩ ነው፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኛ አገር ጉዳይ የሚመጣው። ኩልፎ አጠገብ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወደ ላይ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራቶሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይሰጣል። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛና መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጉልበቱም በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 ያህል ይቀንሳል።

ይህን በ1979 ዓ.ም. በዓይኔ አይቻለሁ። የዶርዜ ተወላጅ የሆኑ አንድ አባላችን እዚህ ዐርፈው አስከሬናቸው በሌላ መኪና ቀድሞ ሄደ። ልጃቸውና እኛ ጥቂት ለቀስተኞች በአሮጌ ላንድሮቨር ተከተልን። ሜዳውን በደህና ሄድን። ዳገቱ መሐል ላይ ግን ጥቁር ጭሱን ለቀቀና ሞተሩ ጠፋ። አብሮን የነበረ አንድ ጎረምሳ ኮፈኑን ከፍቶ የካርቡራቶሩን ብሎን በካቻቪቴ ያዞር ጀመር። ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ።

በኋላ ከጨንቻ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ቆሙልን። ብሎኑን አልነኩም።

«ልጄ፣ የት ሲደርስ ነው የጀመረው?» አሉ።

«ዳገቱን ስንይዝ» አልናቸው።

ወዲያው የአየር ማጣሪያውን ፈቱ። ለካ ዘይቱ በአቧራ ጭቃ ሆኗል! በቤንዚን አጥበው፣ አዲስ ዘይት ጨምረው፣ ካንዴላዎቹን ጠራርገው «በል አስነሣ» አሉ። ተነሣ።

«አየሩ እንደሆነ ሳስቷል፤ እናንተ አፍንጫው ተደፍኖ ሳለ ጉሮሮውን ታክማላችሁ እንዴ?» አሉን።

ዶርዜ ስንደርስ ቀብሩ አልቋል። ሰማዩ ጠቁሮ ስለ ነበር ሽማግሌዎቹ መጠበቅ አልቻሉም። ስልክ እንደ ዛሬ የለ። ልጁ ለአባቱ አፈር ሳያለብስ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ከድሮ ሾፌሮች እየጠየቅሁ የያዝኩት ይህ ነው። መጀመሪያ ካንዴላ ይታያል። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷልና ማጣሪያውንና ቾኩን ይመልከቱ። ነጭ ሆኖ ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል የሚተኩስ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ቀዳዳውን ቆሻሻ ወይም ውኃ ይዞት ይሆናል። ቀዳዳው በልክ የተበሳ ስለ ሆነ በአየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይጎረጎርም። ቤንዚን ወደ ውጭ ከፈሰሰ መዝጊያው መርፌ ተይዟል፤ ሞተሩን አጥፍቶ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። ሲጋራ በአካባቢው እንዳይደርስ! በቆላ ሙቀት ቆሞ እምቢ ካለም ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ተንኖ ይሆናልና እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ መጠበቅ ይበቃል። ብሎን የሚነካው ከሁሉ በኋላ ነው።

የዛሬ መኪና ከፍታውን ራሱ እየለካ ቤንዚኑን ይመጥናል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በየግቢያችን ያሉት አሮጌዎች ግን አሁንም ለቀብር ይጠራሉ። ስለዚህ ወደ ደጋ ለሚሄድ ቀብር መኪና ሲያዝ ማጣሪያው ከዋዜማው ይታይ እላለሁ። የድሮ ሾፌሮቻችንንም በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ አንድ በአንድ እየሸኘናቸው ነውና።

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ለቀረነው ዕድሜ ይስጠን።