የመንዝ ጓሣ አጠባበቅና የባሕር ጠረፍ ሕዝቦች ልማድ

ስለ መሬትና ስለ ውሃ አጠባበቅ የሚነገረው ዕውቀት ሁሉ በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም። ገበሬው፣ እረኛውና ዓሣ አጥማጁ ከሥራቸው የተማሩት ብዙ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመንደርም ወደ መንደር ሲተላለፍ የቆየ ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሣ ምድር በምን ሥርዐት ሲጠበቅ እንደ ኖረ፣ ሥርዐቱ በ1967 ዓ. ም. እንዴት እንደ ፈረሰና በኋላም በሌላ መልክ እንዴት እንደ ቆመ ነው። ከዚያም በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች ካላቸው ተመሳሳይ ልማድ ጋር እናነጻጽረዋለን። «ባሕር የሌለው ደገኛ ስለ ባሕር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱን ወደ ፊት ያገኘዋል።

ሀ. የአገሩ አቀማመጥ

መንዝ በደቡብ በሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጭት፣ በሰሜን በቀጨኔ ወንዝ ተከቦ፣ በምሥራቅ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ደጋ ነው። በምዕራብ ከወንዙ ማዶ መርሐ ቤቴ፣ በሰሜን ደግሞ ግሼ ይገኛሉ። ከጥንት ጀምሮ መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በ3 ሲከፈል ኖሯል። ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ የሕዝቡ መተዳደሪያ በይበልጥ ገብስና በግ ነው፤ ከበጉ ጠጕር የሚሠራው ባናና ዝተትም በሸዋ ሁሉ የታወቀ ነው።

የጓሣ ምድር የሚገኘው በዚሁ አገር በምሥራቁ አፋፍ ላይ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሣ ከሚባለው ሣር ነው። ሕዝቡ በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ ዝናብ የሚከላከልበትንም ገሳ ይሠራል። ጨረንፌ የሚባለው ቍጥቋጦ ለማገዶ ይሆናል። በድርቅ ዘመን ከብቱ የሚተርፈው በዚያ ግጦሽ ነው። በዓለም ላይ ቍጥሩ ወደ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮና በኢትዮጵያ ደጋ ካልሆነ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጭላዳም በዚያ ይኖራሉ።

ከአፋፉ በስተ ምዕራብ የሚፈልቀው ውሃ በወንጭትና በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ያመራል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

ለ. የቄሮ ሥርዐት

በአገሩ ትውፊት እንደሚነገረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የሚባሉ 2 አቅኚ አባቶች አገሩን በፈረስ ሩጫ ወሰን ለይተው ተካፈሉ፤ ጓሣን ግን ለዘሮቻቸው የጋራ ግጦሽና ሣር እንዲሆን ለይተው ተዉት። ዘመኑ የሸዋ ነገሥታት አባት የሆነው ነጋሲ ከመንዝ ተነሥቶ ኀይሉን ካስፋፋበት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ነው።

በጓሣ የመጠቀም መብት የተመሠረተው በአጽመ ርስት ላይ ነበረ። ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን ቈጥሮ ማስረዳት የሚችል ሰው ድርሻ አለው፤ የማይችል ግን የለውም። የጠባቂነቱን ሥራ የሚመራው አባ ቄራ የሚባል ሹም ሲሆን፣ ለአስቦ ወገን 1፣ ለጌራ ወገን 1 ይመረጣል። መራጩም ተጠቃሚው ሕዝብ ራሱ ነው። በየአጥቢያው ያሉ ባለድርሻዎች ደግሞ በተራ እየወጡ ይጠብቃሉ፤ ተራው ደርሶ የቀረ እንደ አጥፊው ይቀጣል።

የሥርዐቱ ዋና ነገር መዝጋትና መክፈት ነው። ሣሩ እስኪጠና ድረስ ጓሣ ለ3 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ደረሰ በተባለ ጊዜ አባ ቄራው ከሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ ቀን ይቈርጣል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በበጋው እኩሌታ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ግን ሁሉም ለቆ ይወጣል፤ የመውጫውም ወሰን የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ሐምሌ 5 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሣሩን ያበቅላል፤ ሰውም እጁን ይሰበስባል።

ሐ. ዕውቀቱ ይተላለፍ የነበረበት መንገድ

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ጓሣ የሚከፈትበት ቀን የሚነገረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ነው። እነዚህ ሁሉም ሰው ሳይጠራ የሚመጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ «አልሰማሁም» የሚል ምክንያት አይገኝም፤ ለባለጸጋው ቀድሞ፣ ለድኻውም ዘግይቶ የሚደርስ ወሬ የለም። የመዝጊያው ቀን ከጾም መፍቻ ጋር መያያዙም እንዲሁ ነው፤ ማንበብ የማይችለው እረኛ እንኳ ቀኑን አይስትም።

ወጣቱ ከአባቱ ጋር ለጥበቃ ሲወጣ ሣሩ መቼ እንደሚጠና፣ የቱ ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ የቱ ቦታ በከብት ኮቴ ቶሎ እንደሚጐዳ በዐይኑ እያየ ይማር ነበር። እንግዲህ ጥበቃው ራሱ ትምህርት ቤት ነበረ ማለት ይቻላል።

መ. የ1967 ዓ. ም. ለውጥና ከዚያ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የመንግሥት ባደረገ ጊዜ አጽመ ርስት ቀረ፤ ከአጽመ ርስት ጋርም ቄሮ ቀረ። ይህን ለውጥ ስንመዝን ሁለቱንም ወገን ማየት ይገባናል። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተቈጠረው ገበሬ ጓሣን ከሩቅ ሲያይ የኖረ ነበረና፣ ዐዋጁ ለእርሱ ፍርድ ሆኖለታል። ነገር ግን ዐዋጁ መብቱን ሲያሰፋ በአባ ቄራው ቦታ ጠባቂ አልተካም። አዲሶቹ የገበሬ ማኅበራት እያንዳንዳቸው ጓሣ የእኛ ነው ይሉ ጀመር፤ የሁሉም በሆነ ጊዜ የሚጠብቀው ጠፋ። ሣሩ ሳይጠና ታጨደ፤ ከብት በክረምት ገባ፤ ዳር ዳሩም ታረሰ።

የአገሩ ሰዎች ግን እንዲህ ሆኖ እንዲቀር አልፈቀዱም። በጓሣ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው የጓሣ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መዝጋትና መክፈትን፣ ተራ ጥበቃንና ቅጣትንም መለሱ። በዚህ ጊዜ መብቱ የዘር ቈጠራ መሆኑ ቀርቶ የነዋሪነት ሆነ። በ2000 ዓ. ም. ገደማ የአማራ ክልል መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ አድርጎ ዐወቀው። ስለዚህ ከአሮጌው ሥርዐት ጠቃሚው ተወስዷል፤ የሚያገልለው ክፍል ቀርቷል።

አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ. ኤ. አ. በ1968 የጋራ ግጦሽ ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እ. ኤ. አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ወሰኑ የታወቀ፣ ሕጉን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት፣ ጥበቃውና ቅጣቱም በእጃቸው የሆነ የጋራ ሀብት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል አሳየች። ከምሳሌዎቿ አንዱ በስዊስ ተራራ ላይ የምትገኘው የቶርበል መንደር ናት፤ በዚያ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልበው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያሰማራ የሚከለክል ደንብ ከ1517 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ኦስትሮም እ. ኤ. አ. በ2009 በኤኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። የመንዝ ታሪክ ለሁለቱም ክርክር ምስክር ነው፤ ሃርዲን የፈራው ጠባቂ በጠፋ ጊዜ ታየ፤ ኦስትሮም ያለችውም ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ታየ።

ሠ. የባሕር ጠረፍ ሕዝቦች ልማድ

በሰላማዊ ውቅያኖስ ባሉት በፊጂ ደሴቶች አንድ አለቃ ሲሞት ከባሕሩ ዳርቻ አንዱን ክፍል ለ100 ሌሊት ዘግቶ ማንም ዓሣ እንዳያጠምድበት የማድረግ የቆየ ልማድ አለ። እ. ኤ. አ. በ1997 ኡቹኒቫኑዋ የተባለች መንደር፣ ሴቶች የሚለቅሙት የዛጎል እንስሳ እየጠፋ ስለ ሄደ፣ 24 ሄክታር ያህል የባሕር ዳርቻ ዘጋች። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የአቈጣጠሩን ዘዴ ለመንደሩ ሰዎች አስተማሩ፤ ሰዎቹም ራሳቸው እየቈጠሩ ጭማሪውን አዩ። ይህን ያዩ ሌሎች መንደሮችም ተከተሏቸው።

በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት የቬዞ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ እ. ኤ. አ. በ2004 በአንዳቫዱአካ መንደር አጠገብ ኦክቶፐስ የሚጠመድበትን ቦታ ለጥቂት ወራት ዘጉ። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር፣ ዕድገቱ ግን ፈጣን ስለ ሆነ፣ በተከፈተ ጊዜ የተያዘው በክብደቱ ከፊተኛው የበለጠ ሆነ። የጎረቤት መንደሮች ሰዎች መጥተው አይተው ልማዱን ወሰዱ፤ ጥበቃውንም ዲና በሚባለው የአገር ሕጋቸው አጸኑት።

የመንዝ እረኛና የቬዞ አጥማጅ አይተዋወቁም። ቢሆንም ሁለቱም የሚያውቁት ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ጊዜ የተሰጠው ነገር ይበዛል፣ ጊዜ የሚሰጠውም ሁሉም በአንድነት ሲታገሥ ነው የሚል ነው።

በመካከላቸው ካለው መመሳሰል በላይ ደግሞ ደጋውንና ባሕሩን የሚያገናኝ የአፈር መንገድ አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይ የወረደው ደለል ለብዙ ሺህ ዓመታት በግብፅ ባሕር ጠረፍ ላይ ምድር ሲሠራ ኖሯል። የአስዋን ግድብ እ. ኤ. አ. በ1964 ወንዙን ከዘጋና በ1970 ከተፈጸመ በኋላ ደለሉ በግድቡ ሐይቅ ቀረ፤ በራሺድ አካባቢ ባሕሩ የብሱን ይበላ ጀመር፤ በጎርፉ ምግብ ይኖር የነበረውም የሰርዲን ዓሣ ወዲያው አነሰ። ዛሬም ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው አፈር በ2012 ዓ. ም. ውሃ መያዝ በጀመረው በሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይከማቻል፤ የግድቡንም ዕድሜ ያሳጥራል። እንግዲህ ሣሩ ያልተነቀለበት ጋራ ለራሱ እረኛ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከላይ ያለው ሰው የሚያደርገው ሁሉ በታች ላለው ይደርሰዋል።

ረ. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ 3 ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ጥበቃ የሚጸናው ሕጉ የሚነገርበት ቦታ ለሁሉ ክፍት ሲሆን ነው። ሁለተኛ፣ አሮጌ ሥርዐት በደል ስላለበት ሊለወጥ ይገባው ይሆናል፤ ነገር ግን ለዋጩ አብሮ የሚፈርሰው ዕውቀት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ጓሣ ብዙ ዓመት ተጐድቷልና። ሦስተኛ፣ ዕውቀት ከመንደር ወደ መንደር የሚሄደው በይበልጥ አይቶ በማመን ነው፤ የፊጂና የማዳጋስካር አጥማጆች ጎረቤታቸውን ያሳመኑት የያዙትን በማሳየት ነው።

በግሼና በመርሐ ቤቴ፣ በሌላውም የአገራችን ደጋ፣ የጋራ የነበረ ግጦሽ ብዙ አለ። የእነዚያ ቦታዎች ሽማግሌዎችና ወጣቶች በየካቲት ወይም በመጋቢት ወደ ጓሣ ሄደው አከፋፈቱን፣ በሐምሌም አዘጋጉን ቢያዩ፣ የመንዝም ሰዎች ከእነርሱ የሚማሩት ቢኖር ቢቀበሉ፣ ጥቅሙ ለሁሉ ነው። የእኛ የተማሪዎች ድርሻም የአባ ቄራውን ሥራ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቃላቸውን ሰብስቦ መጻፍና የተጻፈውንም ወደ ጋራው መልሶ ማንበብ ነው።