የተጻፈው እሴት ወዴት ሄደ? ከዌብ ፎርምስ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ታሪክ ከራሴ ስሕተት ይጀምራል። ከዓመታት በፊት የተማሪዎች ውጤት ማረሚያ ቅጽ ሠርቼ ነበር። መምህሩ ያረመውን ውጤት ጽፎ «አስቀምጥ» የሚለውን አዝራር ይጫናል፤ ገጹም ያለ አንዳች ቅሬታ ይመለሳል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚገኘው ግን የቀድሞው ውጤት ነበር። ይህን ያወቅነው አንዲት ተማሪ፣ ተስተካክሏል የተባለው ውጤቷ በትራንስክሪፕቷ ላይ እንደሌለ ባመለከተች ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ 1993 እ.ኤ.አ. መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት የወጣው ቪዥዋል ቤዚክ 3 የጽሑፍ ሳጥንን ከመረጃ ቋት ጋር በቀጥታ የሚያስተሳስር ዘዴ አመጣ። ቅጹ እስኪዘጋ ድረስ ሳጥኑ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለሚቆይ ነገሩ ቀላል ነበር። በ2002 ማይክሮሶፍት ይህንኑ ልማድ በኤ.ኤስ.ፒ. ዶት ኔት ዌብ ፎርምስ ወደ ድር አሻገረው። ድር ግን ያለፈውን አያስታውስም፤ ኤችቲቲፒ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላል። ሰርቨሩ ገጹን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከባዶ ይሠራዋል፤ መልሱን ልኮም ያፈርሰዋል። ይህን ጉድለት ለመሸፈን የኮንትሮሎቹ ሁኔታ «ቪውስቴት» በተባለ ስውር መስክ ከገጹ ጋር እንዲመላለስ ተደረገ። (ገጹን ምን ያህል እንዳከበደው በስልክ መስመር ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው ይመሰክራል።)

ቅደም ተከተሉ ላይ ጥቂት ልቆይ። አዝራሩ ሲጫን ተጠቃሚው የጻፈው እሴት በቅድሚያ ወደ ሳጥኑ ይገባል፤ ቀጥሎ «ፔጅ ሎድ» ይሠራል፤ አዝራሩን የሚያስተናግደው ኮድ ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በፔጅ ሎድ ውስጥ «ዳታ ባይንድ»ን ያለ ቅድመ ሁኔታ ጠርቼ ነበር። ስለዚህ አሮጌው ውጤት ከቋቱ መጥቶ የመምህሩን እርማት ይተካዋል፤ የአዝራሩ ኮድም አሮጌውን አንብቦ መልሶ ያስቀምጠዋል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ኢዝ ፖስትባክ»ን ጠይቆ፣ ገጹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ብቻ ማስተሳሰር።

በ2005 የወጣው ሁለተኛው እትም፣ እሴትን ለማሳየት ብቻ ከሚያገለግለው «ኢቫል» ጎን፣ መልሶ መጻፍም የሚችለውን «ባይንድ» አቆመ። በ2016 የወጣው ኤ.ኤስ.ፒ. ዶት ኔት ኮር ግን ዌብ ፎርምስን አላካተተም። መሣሪያው ክፉ ነበር ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ ይልቁንም ድሩን ከፕሮግራመሩ ዓይን በደንብ መሰወሩ ነው እኔን ያሳተኝ።

የተማሪዋ ውጤት ከመምህሩ የወረቀት መዝገብ ተገኝቶ ታረመ። የሌሎቹን ለማጣራት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል።