የኡስታዙ ዱላና የቀይረዋኑ ዓሊም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዐረቡና በቱርኩ ዓለም ወላጅ ልጁን ለቁርኣን መምህር ሲያስረክብ «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኛ» የሚል አነጋገር አለ። አጥንት እስካልተሰበረ ድረስ እንደፈለጉ ይምቱት ማለት ነው። እኛም ጋ ቃሉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ስለ ዱላ ጥያቄ ሲነሳ የሚሰጠው መልስም ያው ነው፦ «ድሮም እንዲህ ነበር፣ ዑለማዎቹ የወጡት በዚህ ነው።»

እስኪ ድሮ የነበሩትን እንጠይቅ።

በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ በምትገኘው ቀይረዋን፣ ኢማም ሰሕኑን የሚባሉ ታላቅ የማሊኪ ፈቂህ ነበሩ። የመዝሀቡ ትልቅ መጽሐፍ «አል-ሙደወና» የሳቸው ነው። ልጃቸውን ሙሐመድን ቁርኣን ቤት ሲያስገቡ ለመምህሩ የሰጡት አደራ ከላይ ካለው አነጋገር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ልጄን በምስጋናና በለስላሳ ቃል እንጂ በሌላ አታስተካክለው፣ እሱ በዱላና በቁጣ የሚቀና ልጅ አይደለም አሉት። አባት የልጁን ጠባይ አጥንቶ ለመምህሩ ሲያሳውቅ ነው የምናየው።

ይህ ልጅ አድጎ ኢብኑ ሰሕኑን ሆነ። በ256 ዓ.ሂ (870 እ.ኤ.አ) ከመሞቱ በፊትም ስለ መምህራን ሥነ ምግባር «ኣዳቡል ሙዐሊሚን» የተሰኘውን መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ ርዕስ ከደረሱን መጻሕፍት ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የሀብታምንና የድሃን ልጅ እኩል ማየት ግዴታ መሆኑን፣ ለቁርኣን ትምህርት ሲባል ከሦስት ምት ማለፍ እንደማይገባ ይናገራል። መምህሩ በልጆቹ ሰዓት ሌላ ጉዳይ እንዳይዝ፣ ግድ ካልሆነበት በቀር ለጀናዛ ሶላት እንኳ ጥሏቸው እንዳይሄድ ያዛል። ጊዜው የልጆቹ ነዋ! (ዛሬ ቢጽፍ ኖሮ ስለ ስልክ ምን ይል ነበር?)

በዚያችው ከተማ የኖሩትና በ403 ዓ.ሂ የሞቱት አል-ቃቢሲ ደግሞ መምህር ተቆጥቶ እያለ ልጅ እንዳይመታ ከለከሉ። እውነቱን ለመናገር እነዚህ ዑለማዎች ዱላን ጨርሶ አላስቀሩም፣ ገደብ አበጁለት እንጂ። ግን በንዴት አትምታ፣ ከሦስት አትለፍ፣ አታበላልጥ ሲባል «በድሮ ጊዜ» ስም ከሚካሄደው ውስጥ ስንቱ ይተርፋል?

ኢማሙል ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ የሞቱት) በ«ኢሕያእ» ውስጥ የሚያነሱት ጨዋታን ነው። ልጅ ከትምህርቱ በኋላ መልካም ጨዋታ ተጫውቶ ድካሙን ማውጣት አለበት፤ ሁልጊዜ ትምህርት ብቻ ከሆነበት ልቡ ይሞታል፣ አእምሮው ይደነዝዛል፣ ከመማር ማምለጫ ዘዴ ይፈልጋል ይላሉ። ገዛሊ ራሳቸው አባታቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነበር።

ነገሩን እስከ ሥሩ የተከታተለው ግን ኢብኑ ኸልዱን ነው። በ1377 እ.ኤ.አ በጻፈው «ሙቀዲማ» ለዚህ ጉዳይ የተለየ ምዕራፍ ሰጥቷል። በግፍና በዱላ ያደገ ልጅ መጀመሪያ ደስታው ይጠፋል፣ ከዚያ ይሰንፋል፣ ከዚያ እጅ እንዳያርፍበት ሲል መዋሸትና ማስመሰል ይጀምራል፣ በመጨረሻ ውሸቱ ጠባዩ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ቁርኣን ሊማር የመጣ ልጅ ውሸት ተምሮ ሊወጣ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በየከተማው ከዐስር በኋላና በክረምት ሕፃናት የሚያቀሩት አብዛኞቹ የናንተ እኩዮች፣ ወጣቶች ስለሆኑ ነው። ድባጤን እንውሰድ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሺናሽኛ፣ ጉሙዝኛና አገውኛ የሚሰማበት ወረዳ ነው። ሕፃኑ በቤቱ አንድ ቋንቋ፣ በሰፈር ሌላ ይሰማል፣ ኡስታዙ ፊት ደግሞ ዐረብኛ ይጠብቀዋል። ፊደሉን ሲያምታታ ሰንፎ ላይሆን ይችላል። ሌላም አለ። በ2012 እና በ2013 መተከል ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ቤት የተቃጠለበት፣ ዘመድ ያጣ፣ ተፈናቅሎ የተመለሰ ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ዱላ ሲነሳ የሚያየው ኡስታዙን ብቻ ነው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወፉ የሞተችበትን ሕፃን አቡ ዑመይርን እንደ ትልቅ ሰው በኩንያው ጠርተው ስለ ወፏ ጠይቀውታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለአንዲት ወፍ!

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎች ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል።

የዛሬ የመምህራን ማሠልጠኛዎች የመዋዕለ ሕፃናትና የዜሮ ክፍል አስተማሪ በየዕለቱ ሥራውን መለስ ብሎ እንዲመረምር ይመክራሉ። እኛ ሙሓሰባ እንለዋለን፣ ግን የምናውቀው ለሶላትና ለወንጀል ብቻ አድርገን ነው። ከመግሪብ በኋላ አምስት ደቂቃ ወስዶ «ዛሬ ማን ዝም አለ? ማንን ስሙን ሳልጠራ ዋልኩ? ያን ልጅ የተቆጣሁት እሱ አጥፍቶ ነው ወይስ እኔ ደክሞኝ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ኡስታዝ አል-ቃቢሲ የጠየቁትን እየሠራ ነው። አንድ ደብተር ይበቃል። በማግስቱ ዝም ያለውን ልጅ ከፊት አስቀምጦ መጀመር ይቻላል።

ወላሁ አዕለም።