ወረፋው በማን ዲስክ ነው?

ዛሬ ታሪክ ልናወራ ነው። ስለ ነገሥታት ግን አይደለም፤ በየሳሎኑ ጥግ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ስለሚቀመጠው ትንሽ ሳጥን፣ በተለይም ጀርባው ላይ ስላለችው የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። ብዙዎቻችን ያቺን ቀዳዳ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ናት ብለን ነው የኖርነው።

ከመካከላችን የአንዳችን ቤተሰብ ቡታጅራ፣ የሌላችን ወልቂጤ ነው። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለመስቀል ክርስቲያኑ፣ ለአረፋ ሙስሊሙ ከመርካቶም ከየትም ተነቅሎ አገሩ ይገባል። ባዶ እጅ መግባት ደግሞ የለም። ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ… በእኛ ዕድሜ አንድ ዕቃ ተጨመረ፦ ፊልምና ድራማ የታጨቀበት ሐርድ ዲስክ። ገና ከመኪና ሳንወርድ የአክስት ልጆች የሚጠይቁን «ምን ይዛችኋል?» ነው። ከዚያ ወረፋ ነው። ዲስኩ አንድ፣ ላፕቶፑ አንድ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሃያ።

ይህ ወረፋ የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በስልክ መስመር እየተደወለ የሚገባበትን ኢንተርኔት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ታላላቆቻችን ኢንተርኔትን ያወቁት በኢንተርኔት ቤት ነው፤ በደቂቃ እየተቆጠረ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ እየተጠጣ። እኛ የደረስንበት ግን የፍላሽ ዘመን ነው። ዘፈን የሚጫነው ከሙዚቃ ቤት ነበር፤ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ማህደሮቹን ደርድሮ ይጠብቅሃል፣ ሚሞሪ ካርድህን ትሰጠዋለህ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። ቤት ስትደርስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ታገኘዋለህ። (ያንን ቫይረስ ያልቀመሰ የእኛ ዘመን ልጅ ካለ እጁን ያውጣ!) እንግዲህ ኢንተርኔቱ ውድና ቀርፋፋ ስለነበር የኢትዮጵያ ዋናው ኔትወርክ የሰው ኪስ ነበር ብንል ብዙም አላጋነንም።

ዕቃዎቹ ራሳቸው ዕድሜያቸው አጭር ነው። ዩኤስቢ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ፍላሽ ገበያ ላይ የዋለው በ2000 ነው። ገመድ አልባው ኔትወርክ የመጀመሪያ ደረጃው የጸደቀው በ1997 ነው፤ ልብ በሉ፣ ልክ ኢንተርኔት አገራችን በገባበት ዓመት! ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ነበር። ሁለቱን ለማጋባት ግን አንድ ሦስተኛ ነገር ያስፈልግ ነበር፦ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ላይ ፋይል የሚጋሩበት ቋንቋ። አይቢኤም ውስጥ በ1980ዎቹ የተወለደው ይህ ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። አንድሪው ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ተማሪ በ1992 ገደማ የቋንቋውን አነጋገር በጥሞና አዳምጦ ሳምባ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ሠራ። ዛሬ ከመርካቶ የምንገዛው ራውተር ዲስካችንን ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያሳየው በአብዛኛው በዚያ ተማሪ ሥራ ወይም በእሱ ልጆች ነው። አፕል በ2007 ዲስክ የሚሰካበትን ኤርፖርት ኤክስትሪም ሲያወጣ ነገሩ በቤት ዕቃ ደረጃ ታወቀ። አፕል ራሱ በ2018 ራውተር መሥራት አቆመ፤ ቀዳዳዋ ግን በሌሎች ራውተሮች ጀርባ ላይ ቀረች።

ይህ ነገር ለጉራጌ አገር ሰው አዲስ ሐሳብ ነው እንዴ? አይመስለንም። ጀፎረን ያየ ሰው ይገባዋል፤ በመንደሩ መሐል የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣር የለበሰ ጎዳና የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ከብት ይሰማራበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ መስቀል ይከበርበታል። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ። በ1950ዎቹም የአገሩ ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት የጀመሩት፣ ቡታጅራን የሚያልፈው የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድም በዚሁ የማኅበር መንፈስ የተነሣው፣ ከዚህ ልማድ ውጭ አይመስለንም። እናም አንዱ ዲስክ መሐል ተቀምጦ ክፍሉ ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ ሲያዞር ስናይ ጀፎረ ትዝ ቢለን አትፍረዱብን።

ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ይህ መጋራት ኢንተርኔት አይፈልግም! በ2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ምክንያት ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በ2011 እንደገና፣ በ2012 ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ለሳምንታት ሲጠፋ፣ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ የቤቱ ዲስክ ይሠራ ነበር። የሚያስፈልገው ራውተር እንጂ ፓኬጅ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ጉድ እንምጣ። የቡታጅራዋ ጓደኛችን አያት በካሴት ድምፅ ይልኩ ነበር። መጻፍ ስለማይችሉ መርካቶ ላለው ልጃቸው ቀድተው በሚመጣ ሰው ያስይዙለት ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ። እሳቸው ካረፉ በኋላ አስራ አንድ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥን። ሐርድ ዲስክ ላይ አድርገን፣ አዲስ በገዛነው ራውተር ላይ ሰክተን «ይኸው ሁላችሁም ስሙ» አልን። እናትዬዋ በስልካቸው ከፍተው የእናታቸውን ድምፅ ሲሰሙ የነበረውን ፊት አንረሳውም። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ። ዲስኩ መነበብ አቆመ። ካሴቶቹስ? ተገልብጠዋል ተብለው ግማሾቹ ተጥለዋል። ዲስኩን ወደ አዲስ አበባ ይዘን ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ብዙ ቀን አስቀምጠን አብዛኛው ተመለሰ። ሁለት ካሴት ግን ቀረ፤ አንደኛው ስለ ጓደኛችን መወለድ የሚያወራው ነበር።

ስለዚህ ራውተር ስትመርጡ ሻጩ የሚቆጥርላችሁን አንቴና ትታችሁ ቀዳዳዋን ጠይቁ። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጉዳይ አለ። ዩኤስቢ 2.0 ለተሰካው ዕቃ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ 900። የሚሽከረከር ሐርድ ዲስክ ሲነሣ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ የእኛም ዲስክ ችግሩ አንድም ይህ ሳይሆን አልቀረም። የራሱ ቻርጀር ያለው ዲስክ፣ ወይም የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ይሻላል። ከዚያ ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ ግዙለት፤ አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል። ባትሪው ለዲስኩ ቻርጀርም ካልደረሰ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

ፊልም ለማየት ብቻ ከሆነ 2.0 አያንስም። ብዙ ፋይል የምትገለብጡ ከሆነ 3.0 ፈልጉ፤ ግን 3.0 ከ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ጋር ስለሚረባበሽ ዲስኩን በአጭር ገመድ ከአንቴናው ራቅ አድርጉት። 5 ጊጋ ኸርዙ ፈጣን ነው፣ ወፍራም ግድግዳ ግን አይወድም፤ ወጥ ቤቱ ከግቢው ጀርባ ለሆነ ቤት 2.4 ነው የሚደርሰው። ዲስኩ በፋት 32 ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ፊልም አይቀበልም፤ ራውተሩ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ያነብ እንደሆነ ጠይቁ። «ላፕቶፔ ዲስኩን አያየውም» የሚለው ቅሬታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ነው፦ የድሮ ራውተሮች የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ብቻ ያወራሉ። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው በዚሁ በር ገብቶ ስለሆነ አዳዲስ ዊንዶውሶች ይህንን አሮጌ ቋንቋ ዘግተውታል። በርካሽ ያገኛችሁት ያገለገለ ራውተር እዚህ ላይ ይወድቃል። የዘጋችሁትን መልሳችሁ እንዳትከፍቱለት!

የይለፍ ቃሉንም ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት። በ2014 በብዙ ሺህ የአሱስ ራውተሮች ላይ የተሰኩ ዲስኮች ለዓለም ሁሉ ተከፍተው ተገኝተው፣ አንዳንዱ ባለቤት የገዛ ዲስኩ ላይ «ፋይልህን ማንም ሊያየው ይችላል» የሚል መልእክት የያዘ ፋይል አገኘ። ጉዳዩ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ድረስ ሄዶ በ2016 ኩባንያው ለ20 ዓመት በየጊዜው ምርመራ እንዲደረግበት ተስማማ። ጀፎረም ቢሆን ለመንደሩ ነው የተከፈተው፤ ጓዳው በር አለው።

የአያት ድምፅ አሁን ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቡታጅራ ራውተሩ ላይ፣ ሌላው አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ። ለመስቀል ስንሄድ የመሳቢያውን በነጠላ ጠቅልለን ወስደን አዲስ የተቀዳ ካለ ገልብጠንበት እንመለሳለን። የቀሩትን አምስት ካሴቶች ማንም እንዳይጥላቸው እናትዬዋ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈውባቸዋል፤ ቁልፉን ለእኛም አልሰጡንም።