አንድ ኪኒን፣ ሁለት ጉበት

ቀረብ በሉማ፤ ነገሩ ከለንደን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮበርት ስሚዝ የሚባሉ የመድኃኒት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዴብሪሶኪን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ዋጡ፤ ሰውነት ምን እንደሚያደርገው ሊያጠኑ። ሌሎቹ እንደ ደህና ሰው ዋሉ። እሳቸው ግን ግፊታቸው አሽቆለቆለ፤ ብድግ ሲሉ ያዞራቸው ጀመር፣ መቆም አቃታቸው። ሌላው ቢሆን «ቁርስ ሳልበላ ውጬው ነው» ብሎ ይተወው ነበር። ስሚዝ አልተዉትም። ከዚያ የተነሳው ፍለጋ ጉበት ውስጥ ወዳለ አንድ ኢንዛይም አደረሰ፤ ሲዋይፒ ቱዲሲክስ ይሉታል። ኢንዛይሙን የሚሠራው ዘረ መል ከእናት ካባት የሚወረስ ነው፤ አንዱ ጋ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌላው ጋ ተባዝቶ ይገኛል።

ጥርስ እዚህ ውስጥ ምን ዶለው? ሩት ካናል የተሠራለት ሰው «ነርቩ ከወጣ ወዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?» ይላል። የሚያመው በጥርሱ ሥር ጫፍ ዙሪያ የተቆጣው ሥጋ ነው። ለዚያ አይቡፕሮፌን ይታዘዛል፤ ሕመሙ ከበረታ ደግሞ በብዙ አገር ኮዴይን ያለበት ፓራሲታሞል ይጨመራል።

ኮዴይን እንግዲህ ሊጥ ነው፤ ጉበት ምጣዱ። ያ ኢንዛይም ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ካልለወጠው ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ጉልበት የለውም። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሰው፣ ከመቶ አውሮፓውያን ከአምስት እስከ አሥሩ፣ ኮዴይኑን ውጦ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። እኛ ደግሞ ታማሚን በጀግንነት መመዘን ስለምንወድ «ቅብጠት ነው፤ ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» እንለዋለን! ምን ያድርግ፣ ሞርፊኑ አልደረሰው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና በስዊድን ካሮሊንስካ ያሉ ባልደረቦቿ ጥናት አሳተሙ። ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ ያህሉ ይህ ዘረ መል ከተለመደው በላይ ተባዝቶ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ እንዲህ ያለው ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጉበት ኮዴይኑን ፈጥኖ፣ አብዝቶም ሞርፊን ሊያደርገው ይችላል፤ ሰውየው ያቅለሸልሸዋል፣ ይደነዝዛል፣ ሲብስም ትንፋሹ ይዳከማል። እዚህ ላይ «ጠንካራ መድኃኒት ነው፣ ሠራ» ብሎ መደሰት አይገባም።

አይቡፕሮፌን በዚህ በር አያልፍም። የሚያስወግደው ሲዋይፒ ቱሲናይን የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው፤ እሱም በዘር ይለያያል፣ የዘገየበት ሰው ውስጥ መድኃኒቱ ይሰነብታል። ሕመም ለማስታገስ ግን እስኪለወጥ አይጠብቅም። ለብዙ ሰው ከሩት ካናል በኋላ መጀመሪያ እሱ የሚታዘዘው፣ ጨጓራና ኩላሊት ካልከለከሉ፣ አለምክንያት አይደለም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኮዴይን እንዳይሰጥ ከለከለ፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠነቀቀ፤ ሞርፊኑ በጡት ወተት ይሻገራልና። ስለዚህ አራስ ቤት ያለች እህት ጥርሷን ልትታከም ስትሄድ፣ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ «አጠባለሁ» ትበል።