አሮጌው ከርነል ለምን አይጣልም?

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡09 ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ አንዲት ትንሽ ፋይል ላከ። ስህተት እንዳለባት አውቆ ለመሰብሰብ 78 ደቂቃ ብቻ ፈጀበት። ግን ረፍዶ ነበር። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን አሳይተው ቆሙ። ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን በተከታዮቹ ቀናት 7 ሺህ ያህል በረራዎችን አስቀረ።

ጠላት አልነበረም፤ ጥቃትም አልነበረም። የወደቁት ኮምፒውተሮችም በዓለም ላይ ካሉት የዊንዶውስ ማሽኖች 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ታዲያ በ78 ደቂቃ የታረመ ስህተት ቀናት የፈጀ ቀውስ እንዴት ሆነ? መልሱን ለማግኘት ከ50 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰን እና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብስ ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። የዩኒክስ እምብርት ከርነል ይባላል። ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚገባው፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን የሚያዘው እሱ ነው። ከርነሉ ከዲስክ ወይም ከፕሪንተር ጋር የሚነጋገርበት ቁራጭ ፕሮግራም ደግሞ ድራይቨር ነው። በዚያ ዘመን አዲስ ዕቃ በተገዛ ቁጥር ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ተዋህዶ እንደገና ይገነባ ነበር። ስለዚህ የድራይቨሩ ስህተት የከርነሉ ስህተት ሆነ። ተራ ፕሮግራም ቢበላሽ ብቻውን ይሞታል። ከርነል ግን በውስጡ ከባድ ስህተት ካገኘ ራሱን ማመን ስለማይችል ሙሉ ማሽኑን ያቆማል። የዩኒክስ ሰዎች ይህን “ፓኒክ” አሉት።

ከዚህ ችግር አንድ ልማድ ተወለደ፦ የሚሠራውን ከርነል በአዲሱ አትደምስሰው። አሮጌው በሌላ ስም ይቀመጣል፤ አዲሱ አልነሳ ካለ በአሮጌው ይነሳል። ፍሪቢኤስዲ ዛሬም አዲስ ከርነል ሲጫን የነበረውን “ከርነል ዶት ኦልድ” ብሎ ያስቀምጠዋል። አብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶችም የቀድሞዎቹን ከርነሎች በማስነሻው ዝርዝር ላይ ያቆያሉ።

የሰርቨር ባለሙያዎች በደንብ የሚያውቁት አንድ ብልሽት የዚህን ጥቅም ያሳያል። ከርነል ወይም ድራይቨር ከተቀየረ በኋላ ሰርቨሩ “ዋናውን የፋይል ሥርዓት ማግኘት አልቻልኩም” ብሎ ይቆማል። የሚያየው ሰው ዲስኩ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩም መረጃውም ደኅና ናቸው። የጎደለው የዲስኩ ድራይቨር ነው። ከርነሉ ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨሩን ይፈልጋል፤ ድራይቨሩ ደግሞ ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው። ቁልፍን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ለዚህ ሲባል ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ የማስነሻ ፋይል ድራይቨሩን ይዞ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይገባል። እሱ ሳይዘጋጅ ከቀረ መፍትሔው በቀድሞው ከርነል መነሳትና ፋይሉን እንደገና መሥራት ነው። አሮጌው ካለ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ከሌለ ሌላ ማስነሻ ዲስክ ፍለጋ ይጀመራል።

ድራይቨር እንዲህ አደገኛ ከሆነ ለምን ከከርነሉ አይወጣም? በጥር 1992 ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ያነሳው ክርክር እዚህ ላይ ያርፋል። ከርነል ትንሽ ይሁን፣ የቀረው ሥራ ከውጭ ይሠራ አለ። የ22 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ አልተስማማም፤ የእሱ ሊኑክስ አብዛኛውን ሥራ በከርነሉ ውስጥ የሚያከናውንና በተግባር የሚሠራ ነበር። ገበያው ቶርቫልድስን ተከተለ። በዊንዶውስም ብዙዎቹ ድራይቨሮች ከርነሉ ውስጥ ቀሩ።

የክራውድስትራይክ ድራይቨርም እዚያው ነበር፤ ማሽኑ ሲነሳ ገና በጠዋቱ ይገባል። የተላከችው ፋይል 21ኛ ዋጋ እንዲነበብ አዘዘች፤ ፕሮግራሙ ያዘጋጀው ግን 20 ብቻ ነበር። ድራይቨሩ ከተፈቀደለት ሚሞሪ ውጭ አነበበ፤ ከርነሉ ቆመ። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ያው ድራይቨር ያቺኑ ፋይል ያነባል፣ እንደገና ይቆማል። ብዙዎቹ ማሽኖች ኢንተርኔት ላይ ሳይደርሱ ስለሚወድቁ እርማቱን መቀበል አልቻሉም። ሰው በየማሽኑ ሄዶ በእጁ ፋይሏን መሰረዝ ነበረበት። ዲስኩ የተመሰጠረበት ደግሞ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር መፈለግ ግድ ሆነበት።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ አተኮረ። ማይክሮሶፍት በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን የገባውን ቃል ጠቀሰ፤ ለደኅንነት ኩባንያዎች ከርነሉን የከፈትኩት በዚያ ምክንያት ነው ለማለት ነው። ማን ወደ ከርነል ይግባ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ዋናውን ጥያቄ ግን ይሸፍናል። ስህተት በዩኒክስም በሊኑክስም በዊንዶውስም ይኖራል። ስህተቱን ቀውስ ያደረገው ለውጡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መላኩና መመለሻ አለመዘጋጀቱ ነው። ኩባንያው ራሱ በኋላ ለውጦችን በደረጃ ለመላክ ቃል ገብቷል። የድሮው የዩኒክስ ባለሙያ ግን ይህን ያውቅ ነበር፤ አንድ ማሽን ይቀይራል፣ አጠገቡ ቆሞ ሲነሳ ያያል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያልፋል።

አገልግሎቱን ሁሉ ወደ ሰርቨር የሚያዛውር ተቋም ሥርዓት በቀየረ ቁጥር “አዲሱ ይሠራል?” ብሎ መጠየቁ አይበቃም። ነገ ጠዋት አልነሳ ቢል አሮጌው የት ነው? በእሱ ማስነሳት የሚችለው ማን ነው? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ተቋም ገና ለመቀየር አልተዘጋጀም።